ክቡር ጠጋ በሉ እና የመጨረሻው ማስገቢያ

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ኪሳቸው ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ለአንድ እስክሪብቶ አስቦ የሰፋው ትንሽ የደረት ኪስ ነው፤ እሳቸው ግን ሁለት ካቻቢቴ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ መነጽር፣ የኤሌክትሪክ ቴፕ፣ የእርሳስ ቁራጭ እና በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ አስገብተውበታል። ኪሱ አልተቀደደም። ቅጽ ልሞላ እስክሪብቶ ስጠይቅ "እሱም አለ" ብለው ከዳቦው ሥር መዝዘው ሰጡኝ። ሥራ የጀመርኩበት ቀን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሦስት ወር አልሞላኝም፤ የዛፍ ጥላ ግድግዳ ላይ ሲወዛወዝ ካየሁ ቆሜ የምቀር፣ ግጥም የምሞካክር ልጅ ስለነበርኩ ያ ኪስ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

"ቦታ የለም" የሚባል ነገር መኖሩን የማያምን ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። አዳራሽ ሞልቶ ሰው በር ላይ ሲቆም ከፊት ተነሥቶ ወንበር የሚያሸጋሽገው እሱ ነው። ለስድስት ሰው የተሰናዳ ምሳ ላይ ዐሥራ አንድ ሰው የሚጠራው እሱ ነው። ሻንጣ አልዘጋ ሲል ላዩ ላይ ተቀምጦ ካዘጋ በኋላ "ጫማውስ?" ብሎ መልሶ የሚከፍተው እሱው ነው። ከዚህ ወገን ያልተወለደ ሰው እቤቱ በሰላም ይኖራል፤ ነገር ግን ማንም እንግዳ አይመጣበትም።

የኛ መሥሪያ ቤት የዚህ ወገን አለቃ አለው። ክቡር ጠጋ በሉ ይባላሉ። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ሲጠራቸው ይሳሳታል። የሊፍታችን በር ላይ "ከስምንት ሰው በላይ አይጭንም" የሚል ጽሑፍ አለ። ክቡርነታቸው ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቆሙና ዘጠነኛውን ሰው በትከሻው ይዘው፣ "ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ቦታ አለ! ትንፋሻችሁን ሰብሰብ አድርጉ!" ይላሉ። ሊፍቱ መጮህ ይጀምርና ድምፃቸውን ሲሰማ ሐሳቡን ለውጦ ይነሣል። እሳቸው ራሳቸው በደረጃ ነው የሚመጡት፤ ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ እያለከለኩ በር ላይ ይጠብቁንና "አላልኳችሁም?" ይሉናል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለማያዩ አንባቢዎች መጻሕፍት እናዘጋጃለን። እኔ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ አነባለሁ፣ ድምፄ ይቀዳል። ከመስታወቱ ማዶ አክስቴ አለች። አክስቴ በብሬል፣ በጣት በሚዳበሰው የነጥብ ጽሑፍ፣ የሚታተመውን ሁሉ የምታርም ናት፤ ዓይኗ አያይም፣ ከጆሮዋ ግን አንዲት ነጥብ አታመልጥም። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ያነብላታል፣ እሷ ታርማለች። ሥራውን ያገኘሁት በድምፄ ነው ስል "በኔ ጆሮ ነው" ትለኛለች፤ ሲፈትኑኝ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ሦስት ቦታ መተንፈሴን ቆጥራ ነበርና። ክቡርነታቸው እመቤት ነጥብ ይሏታል።

የኮምፒውተሩን ድምፅ ጉንፋኑ ብላ የጠራችው ራሷ ናት። በአፍንጫው የሚናገር፣ ጉንፋን የያዘው ወንድ ይመስላል። "ሃያ ዓመት ሙሉ ሳያቋርጠኝ ያናገረኝ ወንድ እሱ ብቻ ነው" ትላለች። ጉንፋኑ የሚኖረው እንደ ክንድ በረዘመ አንድ አረንጓዴ ካርድ ውስጥ ነው። ካርዱን የሠሩት ጥቂት መሐንዲሶች ሁለት ደርዘን ያህል ሠርተው ተበታተኑ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ተናጋሪ ፕሮግራሞች የሰው አገር ቋንቋ እንደ ዘፈን ያወርዱታል፤ የኛን ፊደል ሲያዩ ግን ጭጭ ይላሉ።

ክቡርነታቸው ይህን ሁሉ የሚያስታምሙ ጠጋኛችን ናቸው። ናቸው ስል በተግባር ነው። በወረቀት ግን የሉም። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ መዋቅር ወጣና የጥገና ክፍል ተሰረዘ፤ "በመዋቅሩ ላይ ለእርስዎ ቦታ የለም" ተባሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር ወይም ይከስ ነበር። እሳቸው "ችግር የለም፣ ጠጋ ብዬ እሠራለሁ" አሉ። አሁን በወረቀት የጽዳት ዕቃ ተቆጣጣሪ ናቸው። ቢሯቸው ከደረጃው ሥር ያለች ጣሪያዋ ያዘመመ ክፍል ናት፤ ዐሥራ አራት መጥረጊያ፣ ስድስት ባልዲ፣ አርባ የሞቱ ኮምፒውተሮች እና እሳቸው በአንድነት ይኖሩባታል። ወንበር አይገባም። ቆመው ነው የሚሠሩት።

አንድ ቀን ወደዚያች ክፍል ወሰዱኝና ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሆድ ማዘርቦርዱን፣ ሁሉ የሚሰካበትን እናት ሰሌዳ፣ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። እኔ ደግሞ ደነገጥኩ። ከሰማይ ላይ ሆኜ ከተማ የማይ መሰለኝ፤ ቀጫጭን የብር መንገዶች፣ ክብ ክብ ጋኖች፣ ሕንጻዎች፣ በአንድ ጫፍ ደግሞ ጎን ለጎን የተጋደሙ ረጃጅም ቀዳዳዎች።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አልኳቸው።

"ማስገቢያዎች። ማዘርቦርዱ ሲሠራ ያልታሰበለትን ነገር የምትጨምሪባቸው በሮች። ድምፅ ስትፈልጊ የድምፅ ካርድ ትሰኪያለሽ፣ ማተሚያ ስትፈልጊ የማተሚያ። የወደፊቱ የሚገባው በነዚህ ነው።"

"ታዲያ ለምን ሃያ አያደርጉትም?"

ክቡርነታቸው ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት እንደኖሩ አስታወቀባቸው። መነጽራቸውን ከዳቦው አላቀው አደረጉ።

"አየሽ ገጣሚዋ፣ ይሄ አራት ማዕዘኑ አንጎሉ ነው። ከአንጎሉ የሚወጣው መንገድ ልክ አለው። ሃያ ከሆነ ሃያ ነው፤ ብትለማመጪው ሃያ አንድ አይሆንም። ለሥዕል ካርዱ ዐሥራ ስድስቱን ከሰጠሽ ለቀሩት ወንድሞቹ አራት ተረፈ። ማዘርቦርዱን ላስፋው ካልሽ ሣጥኑ አይቀበልም። ሣጥኑን ላስፋው ካልሽ ጠረጴዛው አይቀበልም። ደግሞ አንዱ ወፍራም ካርድ ይመጣና እንደ ወፍራም ተሳፋሪ የጎረቤቱን ወንበር ግማሽ ይዞ ይቀመጣል። ደግሞ ማስገቢያውን ብቻ አትቁጠሪ፤ ከሣጥኑ ጀርባ ካርዱ ወደ ውጭ የሚያይበትን መስኮትም ቁጠሪ። መስኮት የሌለው ካርድ ሽቦ የሚሰካበት የለውም። ጀማሪ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው።"

"እንግዲያው አንዳንዴ ቦታ የለም ማለት ነው" አልኩ።

እናታቸውን የሰደብኩ ያህል አዩኝ።

"ማን አለ? ድሮ ሰባት ነበር። አሁን ሁለት አድርገውታል። ሁሉን ነገር እኛው ሠርተንላችኋል፣ ምን ትጨምራላችሁ ይሉናል። መጨመር የሚፈልግ ሰው መኖሩን ረሱ እንጂ ቦታማ አለ!"

ያን ሳምንት ስለ ማዘርቦርድ ግጥም ጻፍኩ። ለክቡርነታቸው ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ "ግሩም ነው። ግን ሦስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ይገባል" አሉ። ለአክስቴ ሳነብላት ደግሞ "ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል አውጪ" አለችኝ። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሲነታረኩ ምሳ ሰዓት አለፈ።

"እርስዎ መጨመር እንጂ መቀነስ አያውቁም" አለች አክስቴ።

"እመቤት ነጥብ፣ የእርስዎ ነገር እኮ ዓለም በሙሉ አንድ ገጽ እስክታክል መቀነስ ነው።"

"ትበቃለች።"

ግጥሙ እስካሁን አላለቀም።

ቤታቸው ምሳ የተጠራን ዕለት ደግሞ እናትየዋ የሚሏትን አሮጌ ኮምፒውተራቸውን አየሁ። ስድስት ወንበር ባለበት ቤት ዐሥራ አንድ ሰው ተጠርቶ ስለነበር እኔ የተቀመጥኩት ከአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ጎን መስኮት ደፍ ላይ ነው። ጎኑ ክዳን የለውም፤ ክዳኑ ከተነሣ ዓመታት ሆነዋል። ውስጡ ሰባት ማስገቢያ ነበር፣ ሰባቱም ሞልተዋል። አንዱ ካርድ ቴሌቪዥን ያሳያል፣ አንዱ ሬዲዮ ይይዛል፣ አንዱ ፋክስ ይልካል፤ የሚቀበለው ሰው ግን የለም። ሁለቱ ድምፅ ያወጣሉ። ስድስተኛው ፎቶ ያነባል።

"ሰባተኛውስ?" ስላቸው ክቡርነታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ግን ከወጣ አትነሣም።"

ባለቤታቸው ሳህን ይዘው ሲያልፉ ሰሙን። "ልጆቹ አድገው ቤት ለቀው ወጡ" አሉ፤ "እሷ ግን ይኸው አለች። ሌሊት እንኳ ስታቃስት እሱ ነው ተነሥቶ የሚያያት።" ይህን ያሉት ባለቤት ግን ከየማስገቢያው ጎን በቀይ የጥፍር ቀለም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ ሰባት ነጥብ አኑረዋል፤ ባላቸው መነጽራቸው ሲጠፋባቸው በእጃቸው ዳብሰው እንዳይሳሳቱ ነው። አራተኛው ማስገቢያ ላይ ያሉት ነጥቦች ተደባልቀው ተለቅልቀዋል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ የልጅ ልጃቸው ጣቷን አሳርፋበት ኖሮ የጣቷ አሻራ እንደ ትንሽ ቅጠል ቀርቷል። ያቺን ቅጠል እያየሁ ምሳዬን ረሳሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ አብዝቼ አያለሁ፤ በኋላ እንደሚጠቅመኝ ግን አላወቅሁም።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተራችን ሞተ። አክስቴ የተማሪዎች የጂኦግራፊ መጽሐፍ እያረመች ነበር። ጉንፋኑ "ወ" አለ። "ን" አለ። ከዚያ ፍሽሽ የሚል ነገር ተሰማ፣ ክፍሉን የተቃጠለ ሽታ ሞላው፣ ዝም አለ።

አክስቴ እጇን ከቁልፎቹ አላነሣችም። "ዝ ቀረ" አለች። "ወንዝ ሊል ነበር።"

ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ጋኖች ፈንድተዋል። ካርዶቹ ደህና ናቸው። ኃላፊያችን መጥፎ ሰው አይደለም፤ ዓርብ የሚፈርመውን ክፉ ደብዳቤ አስቦ ረቡዕ ላይ ከሚያዝን ዓይነት ነው። ከሰዓት በኋላ አዲስ ኮምፒውተር አስመጣ፤ እንደ ዳቦ ቁራሽ የቀጠነ፣ የሚያብለጨልጭ። ክቡርነታቸው ከፍተው ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

"ሁለት ማስገቢያ!" አሉ። "እነሱም የሕፃን ጥርስ ያክላሉ። ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ የፖስታ ሣጥን?"

የኛ ካርዶች ሦስት ናቸው። የአክስቴ ጉንፋን፣ የብሬል ማተሚያው ካርድ፣ የኔ ማይክሮፎን የሚሰካበት የመቅጃ ካርድ። ሦስቱም ዕድሜ ጠገብ ስለሆኑ ከአዲሶቹ ማስገቢያዎች ጋር ጥርስና ድድ አይተዋወቁም።

"እስከ ዓርብ ቀትር እጠብቃለሁ" አለ ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ። "ካልሆነ እርማቱን ለሌላ ቅርንጫፍ እናስተላልፋለን። አክስትሽን ደግሞ እታች እንግዳ መቀበያ እናደርጋታለን። ሥራዋን አታጣም።"

"ሥራዬን አላጣም?" አለች አክስቴ። "ሃያ ዓመት ነጥብ ስፈልግ ኖሬ አሁን 'ይቀመጡ፣ ይጠብቁ' ልል? የማላየውን ወንበር ለማላየው ሰው ላሳይ?"

ኃላፊው ወደ በሩ አፈገፈገ። ክቡርነታቸው ግን ካቻቢቴያቸውን ከኪሳቸው መዘዙ።

"እመቤት ነጥብ፣ ከዚች ወንበር ንቅንቅ እንዳይሉ። ቦታ አለ።"

ማክሰኞ እና ረቡዕ የከተማውን የአሮጌ ዕቃ መሸጫ በሙሉ አሰሱት። ረቡዕ ማታ ላይ ጫማቸው አቧራ ለብሶ፣ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ አብርቶ አንድ ትንሽ ማዘርቦርድ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። "ቁጠሪ!" አሉኝ። ቆጠርኩ። ሁለት ረጃጅም ማስገቢያ፣ አንድ አጠር ያለ። ሦስት። ለጉንፋኑ፣ ለማተሚያው፣ ለኔ። ክቡርነታቸው ከደስታ ብዛት ዳቦውን ከኪሳቸው አውጥተው ለሦስት ቆርሰው አበሉን፤ የስንት ቀን ዳቦ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ ጠዋት በአሮጌው ሣጥን ውስጥ ገጠሙት። የብሬል ማተሚያውን ካርድ አስገቡ፤ ጠቅ አለ። የኔን አስገቡ፤ ጠቅ አለ። የጉንፋኑን ረጅም ካርድ በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ይዘው ወደ መጨረሻው ማስገቢያ ዝቅ አደረጉት።

አልገባም።

ዘንበል አደረጉት። ቀና አደረጉት። ጠጋ በሉ አሉት፣ እኔ ምስክር ነኝ፣ ካርዱን በአፋቸው "እባክህ ጠጋ በል" አሉት። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው የሣጥኑን ጀርባ አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። ሁለቱ የመጨረሻ ማስገቢያዎች ፊትና ጀርባ ሆነው የተጋደሙት በአንዲት መስኮት ፊት ነበር። አንዱ ካርድ ከተቀመጠ መስኮቷን ይይዛል፣ ሌላው ማስገቢያ እያለ የለም። ሦስት ማስገቢያ፣ ሁለት መስኮት። ከደረጃው ሥር ቆመው ለኔ ያስተማሩኝን፣ ጀማሪ የሚያጠፋውን ጥፋት፣ አርባ ዓመት ካርድ የሰኩ ሰው አጠፉት።

"ምን ሆነ?" አለች አክስቴ ከመስታወቱ ማዶ።

ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቦታ የለም" አሉ።

አክስቴ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። "ምን አሉ? ማን ነው የተናገረው?" አለች፤ ቀልድ ለማድረግ ሞክራ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አላገዛትም። ቀጥላ መሳቢያዋን ከፈተችና ዕቃዎቿን በዝግታ ማውጣት ጀመረች። የብሬል መጻፊያዋን። ሻሿን። የመርፌ መያዣዋን።

ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። "የኔን አውጡት!" አልኩ። "የመቅጃውን ካርድ አውጡና ጉንፋኑን አስገቡ። እኔ ሌላ ቦታ አነባለሁ፤ ካልሆነም ወጣት ነኝ፣ ሌላ ሥራ አላጣም።"

ክቡርነታቸው ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ! አንዱን አስነሥቼ ሌላውን አላስቀምጥም። እሱ ማሸጋሸግ አይባልም፣ ማፈናቀል ነው። ማፈናቀልማ ማንም ያውቅበታል፤ እኔንም አድርገውኛል።" ካቻቢቴዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኪሳቸው መለሱ። "እመቤት ነጥብ፣ ዕቃዎን ወደ መሳቢያው ይመልሱ። ገና ሐሙስ ነው።"

ወጡ። ከሰዓት በኋላ ከደረጃው ሥር የሉም። ሊፍቱ ስምንት ሰው ብቻ ጭኖ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት አክስቴ እንደ ወትሮዋ በሰዓቷ መጣች። መሳቢያዋን አልነካችም። ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና እጆቿን በሞተው ኮምፒውተር ቁልፎች ላይ አኖረች። "ሥራ ላይ ነኝ" አለችኝ፣ "መጥተው ከነወንበሬ ያውጡኝ።" ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ኃላፊው ሁለቴ አንገቱን በበሩ አስገብቶ፣ አክስቴን አይቶ ተመለሰ። አምስት ሰዓት ሲል በኮሪደሩ የሚያለከልክ ሰው ተሰማ።

ክቡርነታቸው በትልቅ የገላ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ገቡ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ጺማቸው አልተላጨም። ማንንም ሰላም ሳይሉ ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ትልቅ ማዘርቦርድ ነው። ሰባት ማስገቢያ፣ ከየማስገቢያው ጎን ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥቦች። አራተኛው ላይ ትንሽ የጣት አሻራ፣ እንደ ቅጠል።

"ይሄ እኮ የ..." ስል ካቻቢቴውን በአፋቸው ላይ አጋድመው ወደ አክስቴ በዓይናቸው አመለከቱኝ።

"ከየት አገኙት?" አለች አክስቴ።

"እታች። ከመጥረጊያዎቹ ጀርባ ወድቆ ነው ያገኘሁት።"

"ጎበዝ መጥረጊያዎች።"

ብሎን ወደቀባቸው፣ አነሣሁላቸው። የማተሚያው ካርድ ሁለተኛው ላይ ገባ። የኔ አምስተኛው ላይ። የጉንፋኑን ሲያደርሱት አራተኛውን መረጡለት፤ ጣታቸው ቅጠሏ ላይ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ጫን አደረጉ። ጠቅ። አራት ማስገቢያ ባዶ ተረፈ። ክቡርነታቸው ባዶዎቹን ሲያዩ የተራበ ሰው ሳህን የሚያይ ይመስሉ ነበር፤ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ግን የሚሰካ ነገር አላገኙም። ሰባተኛውን፣ የምን እንደሆነ የረሱትን ካርድ፣ ከሸሚዛቸው ውስጥ አወጡና እሱንም ሰኩት። "ከወጣ አትነሣም" አሉ ለራሳቸው።

ማብሪያውን ተጫኑ። ማራገቢያው እንደ ሽማግሌ ሳለ፣ ዞረ። አክስቴ መጠበቅ አልቻለችም። ጣቷን ዘርግታ አንዲት ፊደል ተጫነች።

"ዝ" አለ ጉንፋኑ፣ በአፍንጫው።

ሰኞ የተጀመረችው ወንዝ ዓርብ አለቀች። አክስቴ አላለቀሰችም፣ እሷ አታለቅስም። "ነጥብ" ብላ ጻፈችና ቀጠለች። በር ላይ የቆመው ኃላፊ ሰዓቱን አየ፤ ለቀትር ሩብ ጉዳይ ነበር። "እንግዳ መቀበያው ሌላ ሰው ይፈልጋል እንግዲህ" ብሎ እየተነፈሰ ሄደ። ከኛ ይልቅ እሱ የዳነ ይመስል ነበር።

ክቡርነታቸው ያቺን ባለ ሁለት መስኮት ማዘርቦርድ በጋዜጣዋ መልሰው ጠቀለሉ። ቤት ሆዷ ባዶ ሆና ለቀረችው እናትየዋ የሚገባው እንግዲህ ይህ ነው። ሰባት የነበሩት ካርዶች ስንቱ እንደሚገቡበት እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

"ክቡርነትዎ" አለች አክስቴ። ፎጣውን አጥፌ ስሰጣቸው ነው የጠራቻቸው። "መጥረጊያ ጀርባ የቆየ ዕቃ አቧራ ይሸታል። ይሄኛው የሰው ቤት ይሸታል። ሳሙና፣ የሕፃን ቅባት።"

ክቡርነታቸው ፎጣውን ወደ ኋላቸው ደበቁት፤ ማየት የማትችል ሴት እንዳታይባቸው።

"መጥረጊያዎቹ ንጹሕ ናቸው" አሉ።

"እሺ።" አክስቴ ተነሣች። ወንበሯን በዳሌዋ ወደ ግድግዳው ገፋችው፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የወረቀት ክምር ወደ ጥግ ሰበሰበች፤ ሁለተኛ ወንበር ከኔ ጎን ጎትታ ከሷ ጎን አኖረች። የጠረጴዛው ግማሽ ባዶ ሆነ። "ጠጋ ብያለሁ። ከእንግዲህ የሚጠግኑት እዚህ ተቀምጠው ነው።"

"እመቤት ነጥብ፣ በመዋቅሩ መሠረት እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ..."

"መዋቅሩን ጉንፋኑ ነው የሚያነብልኝ። ገና አልደረሰበትም።"

ክቡርነታቸው ወንበሩን አዩት። ለሰው ሁሉ ቦታ ሲያገኙ የኖሩ ሰው ለራሳቸው ሲቀርብላቸው ምን እንደሚደረግ አያውቁም። ከዳር በኩል፣ እንደ እንግዳ፣ ግማሽ ሰውነታቸውን አሳርፈው ተቀመጡ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። ከዚያ ተነሡ።

"ሰኞ በደንብ እቀመጥበታለሁ" አሉ። "አሁን ባለቤቴ ሆዷ የተከፈተ ማሽን ታቅፋ ብቻዋን ትጠብቀኛለች።"

ያመለጣቸው መሆኑ የገባቸው ከተናገሩ በኋላ ነው። አክስቴ ወደ ቁልፎቿ አጎንብሳ ፈገግታዋን ደበቀች።

ልሸኛቸው ኮሪደሩ ድረስ ወጣሁ። ሊፍቱ ተከፍቶ ቆሟል፤ የምሳ ሰዓት ስለሆነ ሞልቷል። ቆጠርኩ፣ ስምንት ናቸው። እግሬን በሩ ላይ አድርጌ የሳቸውን ድምፅ ተውሼ ጮህኩ፦ "ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ቦታ አለ! ክቡርነታቸው ይገባሉ!"

ስምንቱም ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። መሐል ላይ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ተከፈተ። ክቡርነታቸው ያቺን ቦታ በዓይናቸው ለኩ፣ ደስ አላቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ገጣሚዋ" አሉ፣ "ሦስተኛው መስመር ላይ ያልኩሽን ቃል እንዳትረሺ።"

ወደ ደረጃው ዞሩ። ፎጣው ትከሻቸው ላይ ነው፣ ማዘርቦርዱ ብብታቸው ሥር። እያንዳንዱን እርከን እየቆጠሩ የሚወርዱ ይመስል በዝግታ ወረዱ። ጫማቸው ከታች ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ ሊፍቱን በእግሬ ይዤ ቆምኩ፤ ውስጥ ካሉት አንድ ሰው እንኳ አልጮኸብኝም።